ስም የሌለው ብር አይገባም፦ በሲያትል ለምክር ቤት ዕጩ የመዋጮ ምሽት አዘገጃጀት

ለሐዘን ቤት፣ ለታመመ ወገን ወይም ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ገንዘብ ሲሰበሰብ ሃምሳ ዶላር ጨበጥ አስደርጎ «ስሜ አይጠራ» ብሎ የሚሄድ ሰው ይመረቃል። ያው ሰው ያችኑ ሃምሳ ዶላር ለምርጫ ዕጩ እንዲሁ አድርጎ ቢሰጥ ግን ጣጣ አመጣበት እንጂ አልጠቀመውም። ሐበሻ በሚያዘጋጃቸው የዕጩ መዋጮ ምሽቶች ላይ የሚበላሸው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ከሌብነት አይመጣም፤ ከደግነት ልማዳችን ነው። በዝምታ መስጠት፣ ለጓደኛ መክፈል፣ አንድ ጠረጴዛ ሙሉ ሰው በአንድ ስም ማዋጣት፣ ባለ ምግብ ቤቱ «ተዉት፣ የዛሬው ሂሳብ የኔ ነው» ማለቱ፣ እነዚህ ሁሉ በምርጫ ሕግ ዘንድ ሌላ ስም አላቸው።

መመሪያው በሲያትል ለከተማ ምክር ቤት ለሚወዳደር ዕጩ ከ40 እስከ 60 ሰው የሚገኝበት የመዋጮ ምሽት ለሚያሰናዱ ሰዎች ነው። ደንቦቹ የሲያትል ከተማና የዋሽንግተን ስቴት ናቸው። ሜሪላንድ ወይም ሚኒሶታ ያላችሁ ቁጥሮቹን ከየስቴታችሁ ሕግ ጋር አስተያዩ። የውጭ ዜጋ ገንዘብን የሚከለክለው ግን የፌዴራል ሕግ ስለሆነ የትም ብትሆኑ ያው ነው።

በዋሽንግተን ስቴት የዘመቻ ገንዘብ በይፋ መመዝገብ የጀመረው ፖለቲከኞች ወደው አይደለም። ሕዝቡ በ1972 (ዓመቱም ወሩም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ኢኒሼቲቭ 276 የተባለውን ሐሳብ 72 በመቶ በሆነ ድምፅ አሳልፎ ነው፤ ፒዲሲ እየተባለ የሚጠራው ገንዘቡን የሚከታተለው የስቴቱ ኮሚሽንም የተወለደው ከዚያ ነው። በከተማ ደረጃ ደግሞ የሲያትል ሥነ ምግባርና ምርጫ ኮሚሽን አለ። ግራ የገባችሁን ነገር ለሁለቱም ስልክ ደውላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ደግሞም ይመልሳሉ፤ ሳይጠይቁ ከመሳሳት ጠይቆ መዘግየት ይሻላል።

መጀመሪያ፦ ማን ይሰጣል፣ ማን አይሰጥም

የእንግዶች ዝርዝር ከማውጣታችሁ በፊት ይህን ለይታችሁ ያዙ። የአሜሪካ ዜጋና ግሪን ካርድ ያለው ሰው መስጠት ይችላል። በተማሪ ቪዛ ያለ፣ በሥራ ቪዛ ያለ፣ የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በሂደት ላይ ያለ፣ ቲፒኤስ የሚባለውን ጊዜያዊ የመቆያ ፈቃድ ብቻ የያዘ ሰው አይችልም። አንድ ዶላርም ቢሆን አይችልም። «ሶሻል ሴኩሪቲ አለኝ፣ ታክስ እከፍላለሁ» የሚለው መልስ አይሆንም፤ ሕጉ የሚያየው ታክሱን ሳይሆን የመኖሪያ ሁኔታውን ነው።

ከአገር ቤት ወይም ከዱባይ የሚላክ ገንዘብ የሚገባበት መንገድም የለም። አጎት ከአዲስ አበባ «እኛም እንኩራበት» ብሎ 200 ዶላር በዘመድ በኩል ቢልክ፣ ዘመዱ ዜጋ ሆኖ በራሱ ስም ቢሰጠውም ገንዘቡ የአጎቱ ነው። ይሄኛው ሁለት ጥፋት በአንድ ላይ ነው፦ የውጭ ዜጋ ገንዘብ፣ ደግሞም በሰው ስም የተሰጠ።

ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌላቸው ወንድምና እህቶች ቀሩ ማለት ግን አይደለም። ያለ ክፍያ በፈቃደኝነት መሥራት ይችላሉ፦ በር ማንኳኳት፣ ስልክ መደወል፣ ወንበር መደርደር፣ ቡና ማፍላት። ገንዘቡ የት ይውጣ፣ ማን ይቀጠር በሚለው ውሳኔ ላይ ብቻ እንዳይቀመጡ። ይህን ለሰዎቹ አስቀድሞ በግል መንገር ነው እንጂ በር ላይ በሰው ፊት «ወረቀትህ ምንድን ነው?» ማለት ነውር ነው። ቅጹ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ ወይም ሕጋዊ ቋሚ ነዋሪ ነኝ» የሚል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አስገቡ፤ ምልክት የማያደርግ ሰው ምግቡን በልቶ፣ ንግግሩን ሰምቶ በሰላም ይሂድ።

ሲያትል የራሷ ተጨማሪ ክልከላ አላት። ባለፉት ሁለት ዓመታት ከከተማው ጋር ከ250,000 ዶላር በላይ የሆነ ውል የነበረው ሰው ወይም ድርጅት ለከተማ ዕጩ አይሰጥም። ባለፈው አንድ ዓመት ከተማውን ለማግባባት 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ያወጣም እንዲሁ። የጽዳት ወይም የጥበቃ ኩባንያ ያለው እንግዳ ካላችሁ ከግብዣው በፊት ጠይቁት።

ከአራት ሳምንት በፊት

ማንም ሰው ተነስቶ «ለእገሌ ገንዘብ ልሰብስብ» ብሎ አይጀምርም። ዕጩው ገንዘብ መቀበል ወይም ማውጣት ከጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲ-1 የተባለውን የምዝገባ ቅጽና ኤፍ-1 የተባለውን የራሱን ሀብት ማሳወቂያ ለፒዲሲ ማስገባት አለበት። ያን ማድረጉን በፒዲሲ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልጋችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስሙ ከሌለ ምሽቱ ይቆይ።

ቀጥሎ የዘመቻውን ገንዘብ ያዥ አግኙ። ዕጩውን አላልኩም፤ ገንዘብ ያዡን። ሕጋዊውን ሪፖርት የሚያቀርበው፣ ስህተት ሲኖር ደብዳቤ የሚደርሰው እሱ ነው። ሦስት ነገር ጠይቁት፦ በዘንድሮው ምርጫ የአንድ ሰው የመዋጮ ጣሪያ ስንት ነው (በየምርጫው ዘመን ስለሚቀየር የአምናውን አትያዙ)፣ የእሱ የመዋጮ ቅጽ የትኛው ነው፣ በዕለቱ ራሱ ይገኛል ወይስ ማንን ይወክላል። ራሱ ካልመጣ ገንዘቡን የሚረከብ አንድ ሰው በስም ይታወቅ።

ቦታው ምግብ ቤት ከሆነ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ፤ ብዙው ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ነውና። ባለቤቷ «ለ40 ሰው ማኅበራዊ እኔ ላቅርብ፣ ምንም አትክፈሉ» ትላለች እንበል። አንዱ ሰሃን በሜኑዋ ላይ 22 ዶላር ከሆነ የ40 ሰው 880 ዶላር ነው። ያ ምግብ በሕጉ ዓይን የ880 ዶላር መዋጮ ነው፤ ገንዘብ ባይሆንም በዓይነት የተሰጠ ነው። የአንድ ሰጪ ጣሪያ ደግሞ በጥቂት መቶ ዶላር የሚቆጠር ስለሆነ እመቤቲቱ ሳታውቀው ጣሪያውን አልፋለች፤ ዕጩውም ተቀብሎታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዘመቻው ሂሳቡን ይክፈል፣ ደረሰኝ ይውሰድ። እሷ በራሷ ስም የምትሰጠውን በቼክ ትስጥ። ዋጋ ልቀንስ ካለችም ቅናሹ ለማንኛውም ደንበኛ የምታደርገው ዓይነት መሆን አለበት፤ ለዕጩው ብቻ ከሆነ የተቀነሰው ልዩነት መዋጮ ነው። በተጨማሪም የምግብ ቤቱ ድርጅትና እሷ ለየብቻቸው እንዲሰጡ አትምከሩ፦ አንድ ሰው የሚያዝበት ድርጅት የሰጠው ከራሱ ጋር ይደመራል።

ቤት ውስጥ ከሆነ ይቀላል። ሆኖም የቡናውን፣ የዳቦውን፣ የለስላሳውን ደረሰኝ በአንድ ፖስታ ሰብስባችሁ ለገንዘብ ያዡ አስረክቡ፤ የቱ ይመዘገባል፣ የቱ አይመዘገብም የሚለውን እሱ ይወስን።

ለቤተ ክርስቲያንና ለኮሚዩኒቲ አዳራሽ የምሰጠው ምክር አጭር ነው፦ ተዉት። ከታክስ ነጻ የሆኑ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ለዕጩ እንዳይቀሰቅሱ ከ1954 ጀምሮ በፌዴራል የታክስ ሕግ ተከልክለዋል። የኮሚዩኒቲው ማኅበር አዳራሹን በነጻ ቢሰጥ፣ በማኅበሩ የዋትስአፕ ግሩፕ ጥሪውን ቢለጥፍ፣ ሊቀመንበሩ በማኅበሩ ስም ቢናገር አደጋ ላይ የሚወድቀው ዕጩው ሳይሆን ማኅበሩ ነው። ማኅበሩ ማድረግ የሚችለው ሁሉንም ዕጩዎች እኩል ጠርቶ ማወያየት ነው። ሊቀመንበሩም ቢሆን በግሉ፣ በራሱ ስም የፈለገውን መደገፍ ይችላል።

የጥሪ ወረቀቱ

በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጡት። የከፈለው ዘመቻ ስምና አድራሻ በሁለቱም ቋንቋ ይቀመጥ፤ በፌስቡክ የሚለጠፈውም እንዲሁ። ፎቶ ካለው አንድ የማይታወቅ ደንብ አለ፦ ከዕጩው ፎቶዎች ቢያንስ አንዱ ባለፉት አምስት ዓመታት ውስጥ የተነሳው መሆን አለበት፣ ከሌሎቹ የዕጩው ፎቶዎችም ማነስ የለበትም። የሃያ ዓመቱን የጎፈሬ ፎቶ ትልቅ አድርጎ፣ የዛሬውን በቴምብር ልክ ጥግ ላይ ማስገባት አይቻልም። እስካሁን ወንበሩን ላልያዘ ሰው «ደግመው ይምረጡት» የሚል ቃልም አይጻፍም።

«መዋጮዎ ከታክስ አይቀነስም» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ። ለኮሚዩኒቲና ለቤተ ክርስቲያን መስጠት የለመደ ሰው በመጋቢት ወር ደረሰኝ ፍለጋ ይመጣባችኋል።

የበሩ ጠረጴዛ

ለ50 እንግዳ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 70 የመዋጮ ቅጽ (ሰው ይሳሳታል፣ ቅጽ ይቀደዳል)፣ 12 እስክሪብቶ፣ ካርድ መቀበያ የተጫነበት ሁለት ስልክ፣ ቻርጀር፣ ተራ ቁጥር ያለው የደረሰኝ ጥራዝ፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን፣ መነጽር። መነጽሩ ቀልድ አይደለም። ከ1.5 እስከ 2.5 ያሉ ሦስት የማንበቢያ መነጽሮች ጠረጴዛው ላይ ካሉ አዛውንቶች «ልጄ አንተው ጻፍልኝ» ማለት ይተዋሉ። ሌላ ሰው የሞላው፣ ሌላ ሰው የፈረመው ቅጽ ነው ኋላ የሚያከራክረው።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሰው ይቀመጥ፤ አንዱ ቅጽ የሚያስሞላ፣ አንዱ ገንዘብ የሚቀበል። አንድ ሰው ሁለቱንም አይሥራ። ዘመድ ከዘመድ፣ ባል ከሚስት ጋር ባይጣመሩ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

ቅጹ ሙሉ ስም፣ የመኖሪያ አድራሻ፣ ሙያ፣ አሠሪና የአሠሪው ከተማ፣ መጠን፣ ቀን፣ ፊርማ ይይዛል። ሕጉ ሙያና አሠሪ የሚጠይቀው ከተወሰነ መጠን በላይ ለሰጠ ነው፤ እናንተ ግን 10 ዶላር ለሰጠም አስሞሉ። ዛሬ 10 የሰጠ ሰው ከወር በኋላ ሌላ ቦታ 200 ይሰጣል፣ ያኔ ተደምሮ መጠኑን ሲያልፍ አድራሻውን ፍለጋ መዞር ነው።

አሁን ወደ ስም ጉዳይ። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ አንድ ሰው ሦስት ሰው ይሆናል። ኃይለ ሥላሴ የሚባለው አንድ ላይም ተለያይቶም ይጻፋል፤ ጸጋዬ በቲኤስም በቲም ይጀምራል፤ አንዷ በአባቷ ስም፣ ሌላ ጊዜ በአያቷ ስም ትሞላለች። ኮምፒዩተሩ እነዚህን እንደተለያዩ ሰዎች ይቆጥራቸዋል፤ የአንዷ ሴት መዋጮ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ጣሪያውን ሲያልፍ ማንም አያይም፣ ተቃዋሚው ዘመቻ እስኪያየው ድረስ። ስለዚህ ስሙ በመንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ይጻፍ። አስሞዪዋ መንጃ ፈቃዱን አይታ ታመሳክር።

«ስሜ አይጻፍ፣ ለጽድቅ ነው» የሚል አዛውንት ሲመጣ በትሕትና እንዲህ ብሎ መመለስ ይቻላል፦ «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። ይሄ የመንግሥት ደንብ ሆኖ ያለ ስም መቀበል አንችልም። ስምዎን ካልወደዱ ገንዘቡን ይያዙት፣ ምክርዎን ይስጡን።» ስሙና የሰጠው መጠን በፒዲሲ ድረ ገጽ ላይ ለማንም እንደሚታይም ንገሩት። ሳያውቅ ሰጥቶ በኋላ ጎረቤት «ለእገሌ 100 ዶላር ሰጠህ አሉ» ቢለው የሚያዝነው በእናንተ ነው።

ጥሬ ገንዘብ፣ ቼክ፣ ካርድ

ከ100 ዶላር በላይ የሆነ በጥሬው አይወሰድም፤ ቼክ ወይም ካርድ ይሁን፣ የሰጪው ስም ያለበት። 150 ዶላር በጥሬው የያዘ ሰው «መቶውን ዛሬ፣ ሃምሳውን ነገ» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ያ ደንቡን ለመሸሽ መቆራረጥ ነው፤ በካርድ ይክፈል።

የባልና ሚስት ቼክ ላይ ሁለት ስም ታትሞ አንድ ፊርማ ይኖራል። መዋጮው የፈራሚው ነው። ሁለቱም መስጠት ከፈለጉ ሁለት ቼክና ሁለት ቅጽ ይሁን፤ በተለይ በእኛ ዘንድ ባልና ሚስት የተለያየ የአባት ስም ስላላቸው፣ ገንዘብ ያዡ ከስማቸው ተነስቶ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ሊገምት አይችልም።

በሰው ስም መክፈል ፈጽሞ የለም። «ለእሱም ጻፈው፣ እኔ እከፍላለሁ» የሚለው በእኛ ምግብ ቤት ትልቅ ክብር ነው፤ እዚህ ግን የሰጪውን ማንነት መደበቅ ይባላል። አሠሪ ለሠራተኞቹ «እናንተ ስጡ፣ በደሞዝ እመልስላችኋለሁ» ማለቱም ያው ነው። ስላልሰጠ ሠራተኛን መበደልም በስቴቱ ሕግ የተከለከለ ነው። ባለ ምግብ ቤቱ አስተናጋጆቹን አሰልፎ ቅጽ ሲያስሞላ ካያችሁ አስቁሙት።

ጨረታው

የሐበሻ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ያለ ጨረታ አይደምቅም። ድፎ ዳቦው ይወጣል፣ መሪው ማይክ ይይዛል፣ «ጠረጴዛ ቁጥር አምስት 300 አለ! ቁጥር ሰባት ዝም ይላል ወይ?» ይባላል። ጨረታ የተከለከለ አይደለም። ሂሳቡ ግን ከምታስቡት የተለየ ነው፣ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ።

እትዬ አንዷ የጋገሩት ድፎ ዳቦ በገበያ ቢሸጥ 40 ዶላር ያወጣል እንበል። በጨረታው በ300 ዶላር ተሸጠ። እትዬ የ40 ዶላር መዋጮ በዓይነት ሰጥተዋል። ገዢው 40ውን ዳቦ ገዝቶበታል፣ የቀረውን 260 ዶላር ደግሞ አዋጥቷል። ስለዚህ ሁለት ሰጪ ተመዘገበ፣ ሁለቱም ቅጽ ይሞላሉ፣ ሁለቱም ከጣሪያቸው ላይ ይቀነስባቸዋል። ፒዲሲ ለዚህ የተለየ የጨረታ ማያያዣ ቅጽ አለው፤ ዕቃው፣ የሰጪው ስም፣ የገበያ ዋጋው፣ የገዢው ስምና የሸጠበት ዋጋ በአንድ መስመር ይገባል። ይህን ሠንጠረዥ ባዶውን አትማችሁ ለአንድ ጸሐፊ ስጡት፣ መሪው መዶሻውን ሲመታ ጸሐፊው እዚያው ይሙላ። ነገ ከትዝታ የሚሞላ ሠንጠረዥ ሁልጊዜ ይጎድላል።

ዋጋውን ማን ይተምናል? ዕቃው ከመቅረቡ በፊት፣ ከሰጪው ጋር ተነጋግራችሁ፣ ተመሳሳዩ ሱቅ ውስጥ የሚሸጥበትን ይዛችሁ ጻፉ። በእጅ የተሠራ ጥበብ ቀሚስ ሊከብድ ይችላል፤ ሰጪዋ የገዛችበትን ደረሰኝ ካመጣች ጥሩ ነው።

ገመዱ የሚጠላለፈው «ጠረጴዛ ቁጥር አምስት» ላይ ነው። ጠረጴዛ አይሰጥም፣ ሰው ነው የሚሰጠው። 300 ዶላሩን ስድስት ሰው ተካፍሎ ከከፈለው ስድስት ቅጽ፣ ስድስት ደረሰኝ፣ በየሰው 50 ዶላር ይሁን። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን አንዱ በካርዱ 300ውን ይከፍላል፣ ሌሎቹ በኋላ ይመልሱለታል። ያ ሰው የሌሎቹን 250 ዶላር በራሱ ስም አስገባ ማለት ነው፣ ምናልባትም ጣሪያውን አለፈ። መሪው ማይኩን ሲይዝ «በጠረጴዛ ሳይሆን በሰው ስም እንጫረታለን» ብሎ ይጀምር። ደስታው ትንሽ ይቀዘቅዛል፤ ይቀዝቅዝ።

ሌላው ልማድ ቃል መግባት ነው። «ዶክተር እገሌ 500 ዶላር ቃል ገብተዋል!» ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ገንዘቡ አይመጣም። በዚህ ሕግ የተገባ ቃልም ሪፖርት ላይ የሚወጣበት ቦታ አለው፣ ሲ-4 በተባለው ቅጽ ክፍል ቢ ላይ። ስለዚህ ቃል አታስገቡ። የሚሰጥ እዚያው ይስጥ፣ ወይም ለነገ የሚሆን የኦንላይን ማስፈንጠሪያ ይዞ ይሂድ።

ቫውቸሩ፦ ገንዘብ የሌለው ሰው ድምፅ

ሲያትልን ከሌላው ከተማ የሚለየው ይህ ነው። የከተማው ሕዝብ በኅዳር 2015 ባጸደቀው ኢኒሼቲቭ 122 መሠረት ከ2017 ጀምሮ ነዋሪዎች ለወደዱት ዕጩ በመዋጮ መልክ የሚሰጧቸው፣ እያንዳንዳቸው የ25 ዶላር ዋጋ ያላቸው አራት የዴሞክራሲ ቫውቸሮች ይደርሷቸዋል፤ በድምሩ 100 ዶላር። ገንዘቡ ከከተማው የንብረት ግብር ነው። ለመራጭነት የተመዘገበ ሰው በምርጫው ዓመት በፖስታ ይደርሰዋል። ግሪን ካርድ ያለው ዕድሜው 18 የሞላ የሲያትል ነዋሪም ማግኘት ይችላል፣ ግን ማመልከት አለበት። ቅጹና ማብራሪያው በአማርኛና በትግርኛም አለ።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ፦ ቫውቸር መስጠት ድምፅ መስጠት አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቫውቸር ሲቀበል «ታዲያ መምረጥም እችላለሁ» ብሎ ለመራጭነት ቢመዘገብ የዜግነት ጉዳዩን ሊያበላሽ፣ ከአገርም ሊያስወጣው ይችላል። በምሽቱ ላይ ይህን አንድ ጊዜ በማይክ መናገር ተገቢ ነው።

ቫውቸሩ ላይ የዕጩው ስም፣ ቀንና ፊርማ ይገባል። ተቀባዩ ዕጩ በፕሮግራሙ የተመዘገበ መሆን አለበት፤ ሰጪው ግን በዕጩው ወረዳ መኖር የለበትም፣ ሲያትል ውስጥ ይኑር እንጂ። አንዴ ከተሰጠ አይመለስም። የጠፋበት ሰው ምትክ መጠየቅ ይችላል። የሰጪው ስምም ይፋ ይወጣል፤ ቫውቸርም «ስሜ አይጠራ» አያውቅም።

ብዙ የሐበሻ ቫውቸር የሚወድቀው በፊርማ ነው። ፊርማው ከመራጭ ምዝገባው ፊርማ ጋር ይነጻጸራል። ከአሥር ዓመት በፊት መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ በእንግሊዝኛ ፊደል የፈረመ ሰው ዛሬ በአማርኛ «አ.ተ.» ብሎ ቢፈርም አይመሳሰልም። በፖስታ በሚላከው የምርጫ ወረቀት ኤንቨሎፕ ላይም ያው ችግር ይመጣል። ስለዚህ ስታስፈርሙ «መንጃ ፈቃድዎ ላይ እንደፈረሙት ይፈርሙ» በሉ፣ ካርዱን አውጥተው እንዲያዩትም አድርጉ።

ቫውቸር አይሸጥም፣ አይገዛም፣ አይለወጥም። «ቫውቸር ያመጣ በነጻ ይበላል» የሚል ማስታወቂያ አትለጥፉ። ምግቡ ለመጣው ሁሉ ነው፣ ሰጠም አልሰጠም።

ዕጩው በፕሮግራሙ ለመግባት መጀመሪያ ብዙ ትናንሽ መዋጮዎችን ማሳየት አለበት፤ ፕሮግራሙ ሲነደፍ ለወረዳ መቀመጫ የተቀመጠው ልክ ቢያንስ 10 ዶላር የሰጡ 150 ሰዎች ከነፊርማቸው ነው። ምሽታችሁ ለዚህ ቁጥር ከሆነ አሥር ዶላሯ ከሰውየው ኪስ መውጣቷን አረጋግጡ። በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2017፣ አንዲት ዕጩ በሰዎች ስም የተመዘገበው ገንዘብ ከራሷ ኪስ ነው ተብላ በወንጀል ተከስሳለች። የተባለው ገንዘብ ከሺህ ዶላር በታች ነበር።

ዕጩው ሲናገር

አንድ የታክሲ ማኅበር አባል ወይም ባለ ሱቅ ቼኩን በግራ እጁ ይዞ «ያ የፈቃድ ጉዳዬን ነገር» ይላል። ዕጩው መልስ ከመጀመሩ በፊት ከአዘጋጆቹ አንዱ በመሃል ይግባ፦ «ወንድሜ፣ ጉዳይህን ሌላ ቀን ቢሮው ይዘህ ና፣ ዛሬ ስለ ጠቅላላው እናውራ።» ስለ ታክሲ ፈቃድ ፖሊሲ መጠየቅ መብት ነው። የራስን ፋይል ከቼክ ጋር ማቅረብ ግን ለሁለቱም ጉቦ የሚመስል ነገር ነው፤ በስልክ የተቀረጸ 20 ሰከንድ ዘመቻውን ይበላዋል።

በአውቶቡስ፣ በትምህርት ቤት፣ በኤርፖርት፣ በካውንቲ ሆስፒታል የምትሠሩ ሰዎች በሥራ ኢሜላችሁ ጥሪ አትላኩ፣ በመሥሪያ ቤቱ ማተሚያ ወረቀት አታባዙ፣ በሥራ ሰዓት አትደውሉ። የመንግሥትን ንብረት ለቅስቀሳ መጠቀም በስቴቱ ሕግ የተከለከለ ነው።

ከምሽቱ በኋላ

እንግዳ ከወጣ በኋላ፣ ወንበር ከመነሳቱ በፊት፣ ሁለት ሰው ይቁጠር። ቅጾቹን በስም ቅደም ተከተል ደርድሩ፣ ከእያንዳንዱ ቅጽ ጋር ቼኩን ወይም የካርድ ደረሰኙን አያይዙ። የጥሬው ገንዘብ ድምር ከጥሬ ቅጾቹ ድምር ጋር እኩል መሆን አለበት። 20 ዶላር ቢተርፍ ከየት እንደመጣ እዚያው ፈልጉ። ካልተገኘ ስም የሌለው መዋጮ ተብሎ ይመዘገባል። ዘመቻው ስም የሌለው ገንዘብ ሊይዝ የሚችለው ከጠቅላላ መዋጮው አንድ በመቶ ወይም 300 ዶላር ድረስ ነው፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን። ከዚያ ያለፈው ወጪ አይደረግም፣ ለስቴቱ ግምጃ ቤት ይገባል። ለዚህ ነው በመውጫው ላይ «ለሻይ» ተብሎ የሚቀመጠውን ሰፌድ አንሱት የምለው።

ገንዘቡ በአምስት የሥራ ቀናት ውስጥ ባንክ ይግባ። ዓርብ ማታ ከሆነ ሰኞውኑ ይሂድ። ገንዘቡን ቤቱ ወስዶ የሳምንቱን ጉዳይ የሚጨርስ ሰው አይኑር። የተቀማጩ ዝርዝር ሲ-3 በሚባለው ቅጽ ለፒዲሲ ይላካል፤ በምርጫው ዓመት ከሰኔ መጀመሪያ ጀምሮ በየሰኞው። ወጪና ገቢው ተጠቃሎ በሲ-4 የሚቀርበው ደግሞ ከምርጫው 21 ቀንና 7 ቀን ሲቀረው፣ ከምርጫውም በኋላ በሚቀጥለው ወር በ10ኛው ቀን ነው። እናንተ ሪፖርቱን አትልኩም፣ ገንዘብ ያዡ ግን የእናንተ ቅጽ ሳይደርሰው ሊልክ አይችልም። ቅጾቹን በማግስቱ ስካን አድርጋችሁ ላኩ፣ ዋናውን በእጅ አስረክቡ፣ ስንት ቅጽ እንዳስረከባችሁ አስፈርሙ።

የምርጫው ወረቀት በፖስታ ሲላክ ሌላ ሥራ ይጀመራል። በድምፅ መስጫ ሳጥኑ አካባቢ በ25 ጫማ ውስጥ፣ ማለትም ሰባት ሜትር ተኩል ገደማ፣ የዕጩውን ቲሸርት ለብሶ መቆምም ቢሆን የተከለከለ ቅስቀሳ ነው። ሳጥኑ በምርጫው ቀን ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይዘጋል፤ በስልካችሁ 8 ብሎ የሚያሳያችሁ ማለት ነው።

ቅጾቹ፣ የጨረታው ሠንጠረዥና ደረሰኞቹ አምስት ዓመት ይቀመጣሉ። ከምርጫው በፊት ባሉት አሥር ቀናት ደግሞ ማንኛውም ሰው ቀጠሮ ይዞ የዘመቻውን የሂሳብ መዝገብ ማየት ይችላል። የተቃዋሚው ዘመቻ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከፍተው መጀመሪያ የእናንተን ምሽት ገጽ ነው፤ በአንድ ቀን 50 ስም የገባበት ስለሆነ። ያኔ «ይሄ የ260 ዶላር ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ገንዘብ ያዡ ጣቱን የዳቦው መስመር ላይ ማድረግ መቻል አለበት።